የሙታን ጉልበት

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ብዕሬን ያነሣሁት የፊልም ሊቅ ሆኜ አይደለም፤ ሙያዬ ግጥምና ተውኔት ነው። ነገር ግን በ1994 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የባህል ተቋም አዳራሽ ያየሁት አንድ የቆየ የአሜሪካ ፊልም እስከ ዛሬ ድረስ ዕዳ ሆኖብኛል። ጓደኞቼ የገቡት አስፈሪ የተባለውን ፊልም አይተው ሊሥቁበት ነበር፤ ሣቁበትም። እኔ ግን መብራቱ ሲበራ ከወንበሬ ለመነሣት ጉልበት አጣሁ። ያስፈራኝ በሸራው ላይ ያየሁት ምስል ብቻ አልነበረም። ያስፈራኝ ከዚያ አዳራሽ ርቃ፣ በብቸናና በሞጣ መካከል ባለችው በደብረ ወርቅ፣ በልጅነቴ የተናገርኋት አንዲት ቃል ነበረች። ስለዚህ ስለ ፊልሙ ስጽፍ ስለዚያች ቃልም መጻፍ ግድ ሆኖብኛል።

ፊልሙ «ከዞምቢ ጋር ተጓዝሁ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1943 አርኬኦ የተባለው የሆሊዉድ ኩባንያ ያወጣው ሲሆን፣ ፕሮዲዩሰሩ ቫል ሉተን፣ አዘጋጁ ዣክ ቱርኔር ነበሩ። ኩባንያው በዚያን ጊዜ ካዝናው ተመናምኖ ስለ ነበር ሉተንን የቀጠረው በርካሽ ዋጋ አስፈሪ ፊልሞችን እንዲያመርትለት ነው። ለአንድ ፊልም ከ150,000 ዶላር በላይ እንዳያወጣ፣ ርዝመቱም ከ75 ደቂቃ እንዳያልፍ ታዘዘ። ርእሱን እንኳ የመምረጥ መብት አልነበረውም። ርእስ ከበላይ ይወርዳል፤ ሉተንና ባልደረቦቹ ለወረደው ርእስ ታሪክ ይፈልጉለታል። ይህኛውም ርእስ ከአንድ የጋዜጣ ጽሑፍ ላይ የተነሣ ነበር። ሉተን ግን በዚያ የገበያ ጩኸት በሚመስል ርእስ ሥር የሻርሎት ብሮንቴን «ጄን ኤር» የሚያስታውስ የቤተ ሰብ ታሪክ አስገባ፤ ከቤተ ሰቡም ታሪክ ሥር የአንድ ሕዝብን የባርነት ታሪክ ቀበረ። በትእዛዝ ጽፎ የሚያውቅ ደራሲ ሁሉ ይህን ልብ ሊለው ይገባል። ርእሱ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ነገሩ ግን የራስ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቤትሲ የምትባል ካናዳዊት ነርስ ሴይንት ሴባስቲያን ወደምትባል የካሪቢያን ደሴት ትቀጠራለች። የምታስታምማት የሸንኮራ ተክል ባለቤት የሆነው የፖል ሆላንድ ሚስት ናት። ይህች ሴት ቆማ ትሄዳለች፤ ዓይኗም ክፍት ነው። ነገር ግን ንግግርና ፈቃድ የላትም። የደሴቲቱ ሰዎች «ዞምቢ» ይሏታል፤ ሙት ሆና የምትሄድ ማለታቸው ነው። ደሴቲቱ በካርታ ላይ የለችም፤ ፊልሙም የተቀረጸው በሆሊዉድ ስቱዲዮ ነው። ሠራዊትና መርከብ የሚገዛ ገንዘብ ስላልነበራቸው በመስኮት መዝጊያ ጥላ፣ በነፋስ ድምፅና በሩቅ በሚሰማ ከበሮ ደሴት ሠሩ። ቤትሲ በሽተኛዋን ይዛ በሌሊት የሸንኮራውን ማሳ ስታቋርጥ ንግግር የለም ማለት ይቻላል፤ የሚሰማው ነፋሱ ነው። ከዚያ በመስቀለኛው መንገድ ላይ ዳርቢ ጆንስ የተባለው ተዋናይ ካርፉር ሆኖ ቆሟል። ቁመቱ ረዥም፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ አፉ ዝም ያለ ጥቁር ሰው ነው። ጓደኞቼ የሣቁት እዚህ ላይ ነበር።

እኔ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ባለፈ ትንሽ ትርኢት ላይ ተይዤ ቀርቼ ነበር። ነርሷ ከወደቡ ስትመጣ ሰረገላ ነጂው አባቶቹን በሰንሰለት አስሮ ወደ ደሴቲቱ ስላመጣቸው መርከብ ይነግራታል፤ ያመጧቸውም የአሠሪዋ የሆላንድ ቤተ ሰቦች ናቸው። እርሷ በቅን ልቦና፣ ምንም ቢሆን ወደ ውብ አገር አመጧችሁ ትለዋለች። ሰውዬው አይከራከራትም፤ እርስዎ ካሉ ይሁን በሚል ትሕትና ያልፈዋል። የመርከቡ ግንባር ላይ የነበረው፣ በፍላጻ የተወጋው የቅዱስ ሴባስቲያን ምስል በጌቶቹ ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ውኃም ይወርድበታል። የደሴቲቱ ሰዎች ልጅ ሲወለድ ያለቅሳሉ፣ ሰው ሲሞት ደስ ይላቸዋል ይባላል። ባሪያ ሆኖ ለኖረ ሕዝብ ሞት ዕረፍት ነበርና። በቅኔ አገር የተወለደ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲሰማ ጆሮውን ያቆማል። ሰሙ ዞምቢው ነው፤ ወርቁ ባርነቱ ነው።

የዞምቢ ተረት የተወለደባት ሄይቲ ነች። የሸንኮራ ጌቶች በጅራፍ ያሠሯት፣ ባሮቿ እ.ኤ.አ. በ1791 ተነሥተው በ1804 ነፃነታቸውን ያወጁባት አገር ናት። በዚያ ሕዝብ ዘንድ የመጨረሻው ፍርሃት ሞት አይደለም፤ ከሞት በኋላም መሥራት ነው። ጠንቋይ ከመቃብር አውጥቶ፣ ፈቃዱን ነጥቆ፣ ያለ ደመወዝና ያለ ዕረፍት ያሠራዋል የሚለው ፍርሃት ነው። አሜሪካ ሄይቲን ከ1915 እስከ 1934 በጦር ኃይል ይዛ ሳለች ገበሬው እንደገና በግዳጅ መንገድ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። በ1929 ዊልያም ሲብሩክ የተባለ አሜሪካዊ ተጓዥ ስለ ደሴቲቱ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሸንኮራ ማሳ ስለሚሠሩ ሙታን የሰማውን ጻፈ። በ1932 ደግሞ «ነጭ ዞምቢ» የተባለው ፊልም ወጣ። በዚህ ፊልም ውስጥ ሙታን የስኳር ወፍጮ ሲያዞሩ ይታያሉ። አንዱ ተንሸራትቶ ወደ መፍጫው ሲወድቅ ሌሎቹ ዘወር ብለው አያዩትም፤ ወፍጮውም አይቆምም። ካርል ማርክስ ካፒታልን ከሕያው ጉልበት ደም እየመጠጠ ከሚኖር የሞተ ጉልበት ጋር ያመሳሰለው ያለ ምክንያት አይደለም። የሄይቲ ገበሬ ማርክስን ሳያነብ ነገሩን በተረት ደርሶበታል።

አሁን ወደ ደብረ ወርቅ ልመለስ።

እኛም ዘንድ ይህ ተረት አለ፤ ስሙ ብቻ ሌላ ነው። አያቴ እማሆይ ማታ ማታ ከምድጃው ዳር እንዲህ ይሉን ነበር፦ «ቡዳ የበላው ሰው ሞተ ብለን እንቀብረዋለን እንጂ አይሞትም። ሌሊት መጥቶ ከመቃብር ያወጣዋል፤ ነፍስ ዘርቶ ሰባት ዓመት ያስገዛዋል። እንግዳ ሲመጣ በአርጩሜ ነክቶ እንሥራ ያደርገዋል፤ እንግዳው ሲሄድ ሰው አድርጎ ያስፈጨዋል። ሁሉን ያያል፤ መናገር ግን አይችልም። ሰባት ዓመቱ ሲሞላ እንደ ጢስ በንኖ ይጠፋል።» አያቴ ክፉ ሴት አልነበሩም። ከእናታቸው የሰሙትን ነበር የነገሩን።

ከከተማው ዳር፣ ከወንዙ ማዶ፣ አንዲት ሸክላ ሠሪ ከልጇ ጋር ትኖር ነበር። እንሥራው፣ ድስቱ፣ ጀበናው፣ ምጣዱ ሁሉ ከእጇ የወጣ ነው። እንጀራችንን በእርሷ ምጣድ ጋግረን እንበላ ነበር፤ ከእርሷ ጋር ግን እንጀራ አንቆርስም ነበር። በገበያ ቀን እናቴ ዕቃዋን በጣቷ እያንኳኳች ስትመርጥ «ስንት ትይዋለሽ እትዬ?» ትላታለች እንጂ፣ ዓይኗን ቀና አድርጋ አታያትም። እኔንም በነጠላዋ ትከልለኝ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. በሰፈራችን ኩፍኝ ገባ። የሰባት ዓመት እኅቴ ታመመች። ጤና አዳም ተሸተተላት፤ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ተወቀጠ፤ ክታብ ታሰረላት። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ አንደበቷን ያዘውና መናገር ተሳናት፤ ጣቷን ብቻ አንሥታ ከጓዳው ጥግ ወደ ተቀመጠው እንሥራ ጠቆመች። ደግማ ጠቆመች። በዙሪያዋ የተሰበሰቡት ሴቶች እርስ በርሳቸው ተያዩና «የበላቻትን አሳየች» ተባባሉ። ጉዳዩ ውኃ መሆኑን፣ ልጅቷ የጠማት መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም አባት ሆኜ ከታመመ ልጅ አልጋ ሥር ባደርሁበት ሌሊት ነው። እኅቴ በማግሥቱ ሞተች።

በለቅሶው በሁለተኛው ቀን ሸክላ ሠሪዋ ሹሩባዋን ፈትታ፣ መሶብ ተሸክማ መጣች። እንደ ማንኛዋም ጎረቤት ማስተዛዘኗ ነበር። ሰዉ ሁሉ ዝም አለ። አባቴ ከሰው ፊት ሊያዋርዳት አልወደደምና መሶቡን ተቀበላት፤ እርሷም ከበሩ አጠገብ ጥቂት አልቅሳ ሄደች። ስትሄድ እንጀራውና የሽሮው ወጥ ተወስዶ ከጓሮ ተደፋ። ውሻ እንዳይቀምሰው አፈር ለበሰ። አባቴና አጎቶቼ እኅቴን አውጥተው እንዳይወስዷት ሌሊት ሌሊት ተራ ገብተው መቃብሯን መጠበቅ ጀመሩ። በሰባተኛው ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ወረደና ለጥቂት ሰዓት ቤት ገቡ። በማግሥቱ «አውጥተዋታል» የሚል ወሬ ከተማውን ዞረ።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እኅቴ የሆነ ቤት ውስጥ ዝም ብላ እየፈጨች ነው ብዬ አሰብሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንዙን ተሻገርሁና ከሸክላ ሠሪዋ ቤት ጀርባ ደረስሁ። ጭቃው በረገፈበት በግድግዳው ቀዳዳ አየሁ። አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ከወፍጮው ላይ አጎንብሳ ትፈጫለች። የመጁ ድምፅ ይሰማል፤ ሌላ ድምፅ የለም። «እታለም» ብዬ በቀስታ ተጣራሁ። ልጅቷ ዘወር አለች። እኅቴ አልነበረችም። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ነበረች፤ ዓይኗን በድንጋጤ አፍጥጣ ወደ ግድግዳው ታይ ነበር። መልኳን ለይቼ አውቄዋለሁ። ይህን ዛሬም አልክድም።

ሮጬ ቤት ገባሁ። እናቴ ወዴት እንደ ሄድሁ ከፊቴ አነበበች። ክንዴን ይዛ «አየሃት?» አለችኝ። በዚያች ቅጽበት ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ለመግለጽ እስከ ዛሬ ቃል አላገኘሁለትም፤ ከቀብሩ ወዲህ ያልታየ ብርሃን ነበር። ልጇ ባሪያ ሆናም ቢሆን በአንድ ስፍራ እንድትኖርላት ፈለገች። እኔም ያን ብርሃን ማጥፋት አልቻልሁም።

«አየኋት» አልሁ።

ወሬው ሲሰማ ስብሰባ ተጠራ። አንድ የፖለቲካ ኃላፊ ቡዳ የሚባል ነገር አለመኖሩን፣ ይህ አስተሳሰብ ሠርቶ አደሩን ለመከፋፈል ከቀድሞው ሥርዓት የተረፈ መሆኑን በሚገባ አስረዳ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም ከአባቴ ጎን ቆሜ አጨበጨብሁ። በዚያው ሌሊት በሸክላ ሠሪዋ ቤት ላይ ድንጋይ ወረደ፤ ማን እንደ ወረወረው ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የጠየቀም አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ዕቃዋን የሚገዛ ጠፋ። ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ማለዳ ቤቱ ባዶ ሆኖ ተገኘ። እናትና ልጅ ወዴት እንደ ሄዱ የነገረን የለም።

የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበን ሄድን። ሸክላ ከሚተኮስበት ስፍራ አመድና ሊሸከሟቸው ያልቻሏቸው ጥቂት እንሥራዎች ቀርተዋል። ውስጣቸው የታሰሩ ሙታን ይወጡ እንደ ሆነ ብለን አንድ በአንድ ሰበርናቸው። እኔም አንዱን ሰበርሁ። ባዶ ነበር። የሸተተኝ የተተኮሰ አፈር ብቻ ነው።

በአዲስ አበባው አዳራሽ ካርፉር ከሸንኮራው መካከል ብቅ ሲል ያየሁት እንግዲህ እርሱን አልነበረም። ያየሁት ያችን ዘወር ያለች ልጅ ነው። በአፍጣጭ ዓይኑ ውስጥ የእርሷን ድንጋጤ አየሁ። ያን ጊዜም ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጥያቄ በአእምሮዬ ተነሣ፤ ሁለቱን ተረቶች አጠገብ ላጠገብ ላኖራቸው ተገደድሁ።

በሄይቲ ተረቱን የሚናገረው የባሪያው ልጅ ነው። ሙታንን የሚያሠራው ጠንቋይ ከጌታው ጋር ይመሳሰላል፤ ፍርሃቱ ወደ ላይ፣ ጅራፍ ወደ ያዘው ወገን ይመለከታል። በእኛ አገር ግን ተረቱን የሚናገረው ማን ነው? ርስት ያለው ነው። ሙታንን በባርነት ያስገዛል ተብሎ የሚከሰሰውስ ማን ነው? ብረት ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከርስት የተገለሉት፣ በእጃቸው ሥራ ብቻ የሚያድሩት ናቸው። ጎጃም የባሪያ ንግድን ያላየ አገር አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከዓባይ ማዶ የሚነዱ ባሮች በባሶ፣ በየጁቤ ገበያ ይሸጡ ነበር። የገዟቸውና ያስፈጩዋቸው ሸክላ ሠሪዎች አልነበሩም፤ የገዙት ነጋዴዎችና ባለጸጎች ነበሩ። እንግዲህ ዝም ብሎ እየፈጨ የሚያድር፣ የሚያይ ግን የማይናገር ሰው በእውነት በአገራችን ነበረ። በማን ቤት እንደ ነበረ አያቶቻችን ያውቁ ነበር። ተረቱ ሲነገር ግን ያ ባሪያ ከባለጸጋው ጓዳ ወጥቶ፣ ባሪያ የሚገዛበት ገንዘብ ቀርቶ እርሻ እንኳ ከሌላት ሴት ቤት ገባ። የራሳችንን ጥፋት ለሌላ ሰው አሸከምን። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ለሊቃውንቱ ምርምር እተወዋለሁ። ለእኔ ሕሊና ግን በቂ ነው።

አዋጅ ያልወጣ እንዳይመስለን። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ባርነትም በ1934 ዓ.ም. በሕግ ተከለከለ። የየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት አፈረሰ። እኔ በዚያ ስብሰባ ላይ ያጨበጨብሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አዋጁ ጉልት አፍርሷል፤ ተረቱ ግን ከምድጃው ዳር እንደ ተቀመጠ ቀርቷል። ኃላፊው ጆሯችን ላይ ደረሰ፤ ማታ ማታ አያቴ የሚናገሩበት ስፍራ ላይ ግን አልደረሰም። እዚያ ሊደርስ የሚችለው ሌላ ተረት ነው። የኪነ ጥበብ ሰው ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ከእኛ ወገን በታላቅ ድፍረት ያሳየው ኃይሌ ገሪማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው «ሳንኮፋ» በተባለው ፊልሙ እርሱም ወደ ሸንኮራ ተክል ገብቷል፤ ከፊሉንም በጃማይካ ቀርጾታል። በእርሱ ሸንኮራ ውስጥ ግን ሙታን ዝም ብለው አይሄዱም። ስማቸው አላቸው፤ ይነጋገራሉ፤ ይከራከራሉ፤ ያምፃሉ። ቱርኔር ለካርፉር ግርማ ሰጠው እንጂ አንደበት አልሰጠውም። ከዚያ ዝምታ እስከ «ሳንኮፋ» ንግግር ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል።

እኔ ከዚያች ሸክላ ሠሪ ጋር የተያያዘ ተውኔት ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ የመጀመሪያውን ገቢር ጨርሼ፣ ሁለተኛው ላይ እቆማለሁ። የምቆምበት ምክንያት አሁን ይገባኛል፤ ሦስቱንም ጊዜ ጥፋቱን በአያቴ፣ በጎረቤቶች፣ በቀድሞው ሥርዓት ላይ እየጣልሁ ነበርና። «አየኋት» የሚለውን ቃል ለሌላ ገጸ ባሕርይ ሰጥቼው ነበር። ቃሉ የእኔ ነው። እዚህ ላይ በራሴ ስም ያኖርሁትም አራተኛውን ሙከራ ከእርሱ ለመጀመር ነው።

በሄይቲ ተረት ዞምቢ ጨው የቀመሰ እንደ ሆነ ማንነቱ ይታወሰዋል ይባላል። ዓይኑ ይገለጣል፤ ጌታውን ትቶ፣ ማንም ሳያቆመው ወደ መቃብሩ ይመለሳል። ስለዚህ ጌቶቹ ምግቡን አልጫ እያደረጉ ያበሉታል። ይህን ባነበብሁ ቁጥር በዚያ ለቅሶ ቀን ከጓሮ የተደፋው የሽሮ ወጥ ይታወሰኛል። ጨው ነበረው። በእንባ የመጣ፣ በጎረቤት እጅ የተሠራ ምግብ ነበር። እኅቴ በመቃብሯ ውስጥ ተኝታ ነበር፤ ሸክላ ሠሪዋም ሌሊቱን ጭቃ ስታቦካ አድራ ነበር። ዓይናችን ተገልጦ የማናይ፣ ሌላ የነገረንን የምንሠራ፣ ጨው ያልቀመስን እኛ ነበርን።